ዝንብ ሁሉ አንድ አይደለም



በዚህ እትም ይዘንላችሁ የቀረብነው ጉዳይ ስለ አንድ ትንሽ ፍጡር ነው። ምግባችን ላይ ቢያርፍ እሽ ብለን የምናባርረው፣ ቁመቱ ከገብስ ፍሬ የማይበልጥ ዝንብ! «ምነው፣ ለቤተሰብ የሚሆን ሌላ ርእስ ጠፋ እንዴ?» የሚል አንባቢ እንደማይጠፋ እናውቃለን። ነገር ግን በዚህ ትንሽ ፍጡር ሰበብ አንድ ትዳር ሲናጋ፣ እህትና ወንድም ሰላምታ ሲነፋፈጉ በዓይናችን ስላየን ዝም ማለቱን አልወደድነውም። ታሪኩን በመጀመሪያ እንንገራችሁና ወደ ትምህርቱ እንሻገራለን፤ ኢንሻአላህ።

በጋዜጣ የተጠቀለለው ቡቃያ

በሮቤ ከተማ በመምህርነት ስናገለግል ዓመታት አልፈዋል። ከዕለታት አንድ ቀን፣ ወሩ ሚያዝያ ነበር፣ ዘወትር ከፊት ወንበር የሚቀመጥ አንድ ተማሪያችን ሁለት ቀን ሙሉ ከክፍል ቀረ። በሦስተኛው ቀን ሲመጣ ከደብተሮቹ መካከል በአሮጌ ጋዜጣ የተጠቀለለ ነገር አወጣና፣ «መምህር፣ ይህ የተበላሸ ዘር ነው ወይ? አባቴ ጠይቅ ብሎኝ ነው» አለን።

ጥቅሉን ስንፈታው ከነሥሩ የተነቀለ የገብስ ቡቃያ አገኘን። ዕድሜው ሦስት ሳምንት ቢሆነው ነው። የውጪዎቹ ቅጠሎች አረንጓዴ ናቸው፤ መካከለኛው ቅጠል ግን ቢጫ ሆኖ ጠውልጓል። ልጁን ለብቻው ጠርተን ምን እንደ ሆነ ብንጠይቀው ዓይኑ እንባ አቀረረ።

ነገሩ እንዲህ ነው። አባቱ ባለፈው ዓመት ያገኙትን እህል ለቤተሰብ ሕክምና ሸጠው ስለ ጨረሱ ለዘር የሚሆን አልቀራቸውም። በመሆኑም ከሚስታቸው ወንድም ሁለት ኩንታል ገብስ፣ ሲደርስ ያንኑ ያህል ሊመልሱ ተበድረው ዘሩ። ገብሱ በቀለ፤ ማሳውም አማረ። ጥቂት ቆይቶ ግን ቡቃያው ከመካከሉ እየጠወለገ ይሞት ጀመር። አባትየው፣ «አማቼ ነቀዝ የበላው ያረጀ ዘር ሰጥቶ አዋረደኝ» ብለው ለጎረቤት ተናገሩ። ወሬው ከአማቻቸው ጆሮ ሲደርስ ደግሞ፣ «ከጎተራዬ ምርጡን አውጥቼ በሰጠሁ አታላይ ተባልኩ!» ብለው ምለው እግራቸውን ከእህታቸው ቤት አነሱ። እናትየው በባልና በወንድም መካከል ቆመው ቀን ከሌት ያለቅሳሉ። የአገር ሽማግሌዎች ለሚቀጥለው ጁሙዓ ከሶላት በኋላ ቀጠሮ ይዘዋል። ልጁ ሁለት ቀን የቀረውም የእናቱን እንባ ትቶ መምጣት ስላልሆነለት ነበር።

እኛም ለክፍሉ ተማሪዎች ማን እንደ ሆነ ሳንገልጽ ቡቃያውን ብቻ አሳየናቸውና፣ «ልጆች፣ ከመፍረዳችን በፊት እንመልከት» አልናቸው። በመጀመሪያ ሥሩን አየን። የዘሩ ገለባ ገና ሥሩ ላይ ተጣብቆ አለ፤ ሥሩም ነጭና ጤናማ ነው። ያረጀ ዘር ከነጭራሹ አይበቅልም፤ ወይም ከሲታ ሆኖ ይወጣል። ይህ ግን በሚገባ በቅሏል። ቀጥለን የጠወለገውን መካከለኛ ቅጠል በሁለት ጣት ይዘን በቀስታ ሳብ ብናደርገው ያለ ምንም ትግል ተመዝዞ ወጣ። ጫፉ በስብሷል፤ ይሸታልም። ግንዱን በምላጭ ሰንጥቀን በአጉሊ መነጽር ስናየው፣ ከታች ከእምብርቱ ዘንድ እግር የሌላት፣ ራሷ በግልጽ የማይለይ፣ ነጭ ትንሽ ትል ስትላወስ ታየች። ክፍሉ በአንድ ድምፅ «ትል!» ብሎ ጮኸ።

ወንጀለኛው ዘሩ አልነበረም፤ ዘሩን የሰጠው ሰውም አልነበረም።

ትሏ ምን ትሆናለች?

ቅዳሜ ጧት ከጥቂት ተማሪዎች ጋር ወደ ማሳው ወጣን። አንድ የግብርና ባለሙያም ለምነን ከእኛ ጋር ሄዱ። አርባ ቡቃያ ነቅለን ስንቆጥር ሃያ ሦስቱ መካከላቸው ሞቷል። ባለሙያው ገና እንዳዩት፣ «ይህ የገብስ ቡቃያ ዝንብ ነው» አሉን።

የዝንቡ የሕይወት ዑደት እንዲህ ነው። እናቲቱ ዝንብ ገብሱ ገና ሁለትና ሦስት ቅጠል እንዳወጣ ትመጣና በቡቃያው ላይ ወይም ከግርጌው በአፈሩ ላይ ረዘም ያሉ ነጫጭ እንቁላሎች ትጥላለች። ከጥቂት ቀናት በኋላ ትሉ ይፈለፈልና በቅጠሎቹ መካከል ሾልኮ ወደ ውስጥ ይወርዳል፤ አዲስ ቅጠል የሚፈልቅበትን ለስላሳ እምብርት ይበላል። መካከለኛው ቅጠል ከምግብ ተቆርጦ የሚደርቀው በዚህ ምክንያት ነው። ትሉ ጠግቦ ሲያድግ ቡናማ ቅርፊት ለብሶ እንደ ስንዴ ፍሬ መስሎ ይተኛል፤ ከዚያም ክንፍ አውጥቶ ግራጫ ዝንብ ሆኖ ይበራል። ጎልማሳው ዝንብ ገብስ አይበላም፤ የአበባ ማርና የመሳሰለውን ፈሳሽ ይልሳል። ጥፋቱ ሁሉ የልጅነት ዘመኑ ነው ማለት ይቻላል።

እዚህ ላይ አንድ ጥያቄ ይነሣል። ባለሙያው ገና ትሉን እንዳዩ ስሙን የጠሩት በምን ተመርኩዘው ነው? ዝንብ ሁሉ ዝንብ አይደለምን?

የስም እውቀት

በአማርኛ ዝንብ፣ በአፋን ኦሮሞ ቲቲሳ፣ በዐረብኛ ዙባብ እንላለን። በአንድ ስም ጠቅልለን እንጨርሰዋለን። ቁርአን በሱረቱል ሐጅ ዝንብን ለምሳሌ ሲያነሣ፣ ሰዎች ከአላህ ሌላ የሚጠሯቸው ሁሉ ቢተባበሩ አንዲት ዝንብ እንኳ መፍጠር እንደማይችሉ ያስተምረናል። በሱረቱል በቀራህ ደግሞ አባታችን አደም (ዐ.ሰ.) ስሞችን ሁሉ እንደ ተማሩ ተነግሮናል። ነገሮችን በየስማቸው ለይቶ ማወቅ ከሰው ልጅ የመጀመሪያ ትምህርቶች አንዱ መሆኑን ልብ ይሏል።

የቀድሞ ሊቃውንቶቻችንም ይህን ንቀው አልተዉትም። በበስራ ከተማ የኖሩት አል-ጃሒዝ በ9ኛው ክፍለ ዘመን «ኪታብ አል-ሐየዋን» በተባለው ሰፊ መጽሐፋቸው ስለ እንስሳት ሲጽፉ ዝንብንም አልዘለሉም። እ.ኤ.አ. በ1405 የሞቱት ግብፃዊው አድ-ደሚሪ ደግሞ «ሐያት አል-ሐየዋን» በተሰኘው ሥራቸው እንስሳትን በዐረብኛ ፊደል ተራ ደርድረዋቸዋል። የፊደል ተራ ለፈላጊ ይመቻል፤ ነገር ግን ማን ከማን እንደሚዛመድ አይነግርም። ስዊድናዊው ሊኔየስ እ.ኤ.አ. በ1758 በታተመው መጽሐፉ ለእንስሳት ሁሉ ሁለት ስም የመስጠቱን ሥርዓት አጸና፤ የመጀመሪያው የወገን፣ ሁለተኛው የዝርያ ስም ነው። ከእኛ የራስና የአባት ስም ጋር ይመሳሰላል፤ ልዩነቱ የወገኑ ስም መቅደሙ ነው።

በዚህ ሥርዓት መሠረት የእኛን ገብስ በላ ዝንብ የትውልድ ሐረግ እንቁጠር። ሁለት ክንፍ ያላቸው ነፍሳት ሁሉ «ዲፕቴራ» በተባለው ትልቅ ክፍል ይጠቃለላሉ። ስሙ ከግሪክ ቋንቋ የመጣ ሲሆን «ባለ ሁለት ክንፍ» ማለት ነው። ንብና ቢራቢሮ አራት ክንፍ አላቸው፤ የዝንብ ሁለተኛ ጥንድ ክንፍ ግን በበረራ ጊዜ ሚዛን የምትጠብቅ ትንሽ ዘንግ ሆና ቀርታለች። እስከ ዛሬ ስም የተሰጣቸው ባለ ሁለት ክንፍ ዝርያዎች ከ150,000 በላይ ናቸው። የወባ ትንኝም የዚሁ ክፍል አባል ናት።

ከዚህ ትልቅ ክፍል ውስጥ «አንቶሚዴ» የተባለ ቤተሰብ አለ። ይህም ከግሪክ ቃል የመጣ ሲሆን «የአበባ ዝንብ» እንደ ማለት ነው። የዚህ ቤተሰብ አባላት ከቤት ዝንብ ጋር በጣም ስለሚመሳሰሉ በዓይን ብቻ መለየት ያስቸግራል። ሆኖም አንድ ደግ ምልክት አለ። በክንፉ ላይ ከሚታዩት ቀጫጭን ሥሮች መካከል ከኋላ በኩል ያለችው አንዷ በአንቶሚዴዎች እስከ ክንፉ ጠርዝ ድረስ ትዘልቃለች፤ በቤት ዝንብና በዘመዶቿ ግን ከጠርዙ ሳትደርስ ትቀራለች። ተማሪዎቻችን ከማሳው የያዙትን ዝንብ ክንፍ በአጉሊ መነጽር ሲያዩ ያችን ሥር እስከ ጫፍ ስትደርስ አገኟትና በደስታ ዘለሉ። ከጠጉር የቀጠነች አንዲት መስመር ሁለት ቤተሰብን ትለያለች! ሱብሓነሏህ!

በቤተሰቡ ውስጥ ደግሞ «ዴሊያ» የተባለ ወገን አለ። ይህን የወገን ስም እ.ኤ.አ. በ1830 ያወጣው ሮቢኖ-ዴቮዲ የተባለ ፈረንሳዊ ሐኪም ነበር። ይህ ሰው ለዝንቦች እጅግ ብዙ ስም ከማውጣቱ የተነሣ ከመጠን በላይ ከፋፈላቸው ተብሎ ተወቅሷል። ሆኖም «ዴሊያ» ጸንቶ ቆይቷል፤ ዛሬ በሥሩ ከ300 በላይ ዝርያዎች ይቆጠራሉ። የእኛ የገብስ ቡቃያ ዝንብ ከእነዚህ አንዱ ነው።

የወገኑ መኖሪያ

የዴሊያ ወገን ብርድ ወዳጅ ነው። አብዛኞቹ ዝርያዎች በአውሮፓ፣ በሰሜን እስያና በሰሜን አሜሪካ ይኖራሉ። ገበሬዎች ጠንቅቀው የሚያውቋቸውም አሉ። አንዱ የሽንኩርት ሥር ይበላል፤ ሌላው የጥቅል ጎመንን ሥር ያጠፋል፤ በአውሮፓ ደግሞ በበጋ መጨረሻ በባዶ እርሻ ላይ እንቁላሉን ጥሎ ክረምቱ ሲያልቅ ስንዴ ላይ የሚነሣ አለ። «ዴሊያ ፕላቱራ» የተባለው የባቄላና የበቆሎ ዘር በአፈር ውስጥ ሳለ የሚበላ ሲሆን በዓለም ዙሪያ ማለት ይቻላል ተሰራጭቷል።

ከሰሐራ በረሓ ወደ ደቡብ ስንወርድ ግን የዚህ ወገን ዝርያዎች በጣም ጥቂት ናቸው። ቆላው ሞቃት በመሆኑ ለብርድ ወዳጁ ወገን የሚመቹት ደጋዎች ናቸው። የኢትዮጵያና የኬንያ ደጋዎች በሞቃት ቆላ ባሕር መካከል እንደሚገኙ ደሴቶች ናቸው። ባሌ ከእነዚህ ደሴቶች ትልልቆቹ አንዱ ነው። ሮቤና ጎባ ከባሕር ጠለል በላይ ወደ 2,500 ሜትርና ከዚያም በላይ ከፍታ ላይ የሚገኙ፣ በ14 ኪሎ ሜትር የተራራቁ መንታ ከተሞች ናቸው። ከጎባ ወደ ዶሎ መና የሚወስደው መንገድ የሚያቋርጠው የሰኔቲ ሜዳ ደግሞ ከ4,000 ሜትር በላይ ነው፤ ቱሉ ዲምቱም 4,377 ሜትር ይደርሳል። እ.ኤ.አ. በ2023 በዓለም ቅርስነት የተመዘገበው የባሌ ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ይህንኑ ከፍታ ያቅፋል።

እዚህ ላይ የዝንብን ወገን ሁሉ በጠላትነት እንዳንፈርጅ አደራ እንላለን። በከፍተኛ ተራሮች ላይ ብርዱ ሲበረታ ንቦች እየቀነሱ ይሄዳሉ፤ አበባን ከአበባ የማዳቀሉን ሥራ በአመዛኙ የሚሸከሙት ዝንቦች ናቸው። አንዱ ዝርያ ገብሳችንን ሲያጠፋ የአጎቱ ልጅ የተራራውን አበባ ፍሬ እንዲይዝ ያደርጋል። ይህም ለይቶ የማወቅን ጥቅም ያሳያል።

ሁለት ስም ያለው ዝንብ

የገብስ ቡቃያ ዝንብ ጉዳይ በስም ረገድ ራሱን የቻለ ታሪክ አለው። በኢትዮጵያና በኬንያ በተጻፉ የግብርና ጽሑፎች ይህ ተባይ አንድ ጊዜ «ዴሊያ ፍላቪባሲስ»፣ ሌላ ጊዜ «ዴሊያ አራምቡርጊ» እየተባለ ተጠርቷል። የመጀመሪያውን ስም ሽታይን የተባለ ጀርመናዊ እ.ኤ.አ. በ1903 አወጣው። ሁለተኛውን ያወጣው በፓሪስ የተፈጥሮ ታሪክ ሙዚየም ይሠራ የነበረው ሴጊ ነው። ይህ ስም እ.ኤ.አ. በ1932 እና በ1933 ወደ ኦሞ ሸለቆ የተጓዘውን የፈረንሳይ ሳይንሳዊ ቡድን የመራውን ካሚል አራምቡርግን ያስታውሳል። እንግዲህ የኦሞ ጉዞ ስም በባሌ ገብስ ተባይ ላይ ታትሞ ቀረ ማለት ነው!

በዚህ ወገን ውስጥ ዝርያን ከዝርያ መለየት ቀላል አይደለም። ሴቶቹ ዝንቦች እጅግ ስለሚመሳሰሉ ጠበብት የሚተማመኑት በወንዶቹ የመራቢያ አካል ቅርጽና በእግሮቻቸው ላይ ባሉ ጠጉሮች አሰላለፍ ነው። አክላንድ የተባሉ የእንግሊዝ አገር ሊቅ እ.ኤ.አ. በ2008 የአፍሪካን የዴሊያ ዝርያዎች ሁሉ መልሰው በመመርመር ደቡብ አፍሪካ ውስጥ በሚታተም መጽሔት ላይ ባወጡት ሥራ ስድስት አዳዲስ ዝርያዎችን ለመጀመሪያ ጊዜ ገልጸዋል። በቅርብ ዓመታት ደግሞ በሰሜን አሜሪካ በተደረገ የዲኤንኤ ምርመራ፣ አንድ ዝርያ ነው ሲባል የኖረው ዴሊያ ፕላቱራ በመልክ የማይለዩ ሁለት የዘር መስመሮች እንዳሉት ታውቋል።

ታዲያ ይህ ሁሉ ልፋት ለምን ያስፈልጋል? ይላል አንባቢ። መልሱን ከሁለት አገሮች ሥራ እናገኘዋለን። በኔዘርላንድ እ.ኤ.አ. ከ1981 ጀምሮ የሽንኩርት ዝንብን ለመቀነስ ዝንቦችን በብዛት አርብተው በጨረር ያመክኗቸውና በሽንኩርት ማሳ ላይ ይለቋቸዋል። ከመካን ወንድ ጋር የተገናኘች ሴት ዝንብ የምትጥለው እንቁላል አይፈለፈልም። በአገራችንም በቃሊቲ እ.ኤ.አ. በ2007 የተመረቀው ማዕከል ከብቶቻችንን በገንዲ በሽታ በሚያስጨርሰው በቆላ ዝንብ ላይ ይህንኑ ዘዴ ለመጠቀም የተቋቋመ ነው። ይህ ዘዴ የሚሠራው ዝርያው በትክክል ከታወቀ ብቻ ነው። ስሙን የተሳሳተ ሰው ለአንዱ ያዘጋጀውን ለሌላው ይለቅና ድካሙ ሁሉ ከንቱ ይሆናል።

ባሌና ገብስ

የባሌ ደጋ በዓመት ሁለት ጊዜ ይዘራል። አንደኛው ወቅት ከመጋቢት አካባቢ ተዘርቶ በሐምሌ አካባቢ የሚሰበሰበው ሲሆን «ገና» ይባላል፤ በዓሉን ሳይሆን ዝናባማውን ወቅት ማለታቸው ነው። ሁለተኛው ከሐምሌና ነሐሴ ተዘርቶ በታኅሣሥ አካባቢ የሚሰበሰበው «ቦና» ነው። የወቅቱ ስም የተሰጠው በመዝሪያው ሳይሆን በመሰብሰቢያው ጊዜ መሆኑን ልብ ይሏል። ይህ ለአገሩ ትልቅ ጸጋ ነው። ይሁን እንጂ በዓመት ሁለት ጊዜ ለጋ ቡቃያ መኖሩ ለዝንቡም በዓመት ሁለት ጊዜ ማዕድ እንደ መዘርጋት ነው። በመካከሉም ከአውድማና ከማሳ ወድቆ የሚበቅለው ገቦ ይቀበለዋል።

ስንዴ በትራክተርና በኮምባይነር ታግዞ ሜዳውን እየያዘ ቢሄድም፣ በባሌ ቤት ገብስ ዛሬም ክብሩ አልተነካም። ማርቃው፣ ጩኮው፣ በሶው፣ ቆሎው፣ በረመዷን ማታ የምናፈጥርበት ሾርባም ከእርሱ ነው። ኢትዮጵያ የገብስ ልዩ ልዩ ዘር መገኛ መሆኗን የሩሲያው ሊቅ ቫቪሎቭ እ.ኤ.አ. በ1927 አገራችንን ጎብኝቶ መስክሯል። ገብስን የሚያጠቃ አንድ የቫይረስ በሽታን የሚቋቋም ዘረመል ከኢትዮጵያ ገብስ ተወስዶ የሌላ አገር ገብስ ማሻሻያ ሆኗል። እ.ኤ.አ. በ1976 የተመሠረተው የዘር ማዕከል፣ የዛሬው የብዝሀ ሕይወት ኢንስቲትዩት፣ በሺዎች የሚቆጠሩ የገብስ ናሙናዎችን ይዟል። ከሮቤ በስተ ምሥራቅ 33 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቆ የሚገኘውና እ.ኤ.አ. በ1986 የተቋቋመው የሲናና የግብርና ምርምር ማዕከልም «ዲንሾ» እና «ዳፎ» የተባሉ የገብስ ዝርያዎችን አውጥቷል፤ የቡቃያ ዝንብም ከተመራማሪዎቹ የሥራ ጉዳዮች አንዱ ሆኖ ቆይቷል።

አንድ ገብስ ዝንቡን የሚቋቋመው በሁለት መንገድ ነው። አንዳንዱ ለዝንቧ እንቁላል መጣያነት አይስማማትም። ሌላው ደግሞ ይመታል፤ ሆኖም እምብርቱ ሲሞት ከጎኑ ሌላ ቅርንጫፍ አውጥቶ ይተካል። ይህኛው ዝናብ ካገኘ ራሱን ያድናል፤ ቡቃያው ሳለ ድርቅ ከመታው ግን መተካት ያቅተዋል።

ምን ይደረግ?

ትሉ ግንዱ ውስጥ ከገባ በኋላ ከላይ የሚረጭ መድኃኒት እምብዛም አያገኘውም። የሞተ እምብርትም አይነሣም። ስለዚህ መፍትሔው ቅድመ ጥንቃቄ ነው። በወቅቱ መዝራት፣ ዘሩን ጠብሰቅ ማድረግ፣ ገቦውን አርሶ መገልበጥ፣ ማሳውን በባቄላና በአተር ማፈራረቅ ባለሙያዎች ከሚመክሯቸው ይገኛሉ። ዝንቡ ገብስን ቢያስቀድምም ስንዴን ጨምሮ ሌሎች የእህል ዓይነቶች ላይም ስለሚገኝ ማፈራረቁ ከጥራጥሬ ጋር ቢሆን ይመረጣል።

በዘር ላይ የሚታሽ መድኃኒትም አለ። ነገር ግን ይህን ያለ ባለሙያ ምክር፣ ጽሑፍ ከሌለው ዕቃ ገዝቶ መጠቀም በቤተሰብ ሕይወት መቀለድ ነው። ድሮ ለዚህ ሥራ በዓለም ዙሪያ ያገለግል የነበረው አልድሪን በአፈርና በሰውነት ውስጥ የሚከማች መርዝ ሆኖ በመገኘቱ፣ እ.ኤ.አ. በ2001 በስቶክሆልም በተፈረመው ስምምነት እንዲወገዱ ከተወሰኑት የመጀመሪያዎቹ 12 ኬሚካሎች አንዱ ሆኗል። የታሸ ዘር ለሰውም ለዶሮም ምግብ አይሆንም፤ የመድኃኒቱ ዕቃም ታጥቦ ለውሃ ወይም ለወተት አይውልም። እናቶች ይህን ለልጆቻችሁ አደራ ንገሩ።

ወደ ቤተሰቡ እንመለስ

ያን ቅዳሜ ከማሳው ስንመለስ ወደ አማትየው ማሳም ጎራ አልን። ከዚያው ጎተራ የወጣ፣ ያው ዘር ነው። እርሳቸው ግን ሁለት ሳምንት ቀድመው በመዝራታቸው ገብሱ ዝንቡ በበዛበት ጊዜ ለጋነቱን አልፎ ነበር። ጥቂት የተመታ ቢኖርም ማሳው ቆሟል።

የልጁን አባት ቡቃያውን አስይዘን፣ «አባባ፣ እስቲ ይህችን ሳቧት» አልናቸው። ቅጠሏ ተመዝዛ ወጣች። ግንዱን ሰንጥቀን ትሏን በመነጽር አሳየናቸው። ለረዥም ጊዜ ዝም ብለው ካዩ በኋላ፣ «ይህችን ነው እንግዲህ በአማቼ ስም ስጠራት የሰነበትኩት!» አሉ። በዚያኑ ቀን ገበያ ወጥተው ስሙ ያልተጻፈበት የመርዝ ብልቃጥ ሊገዙ ያዘጋጁትን ገንዘብም ወደ ኪሳቸው መለሱ።

ጁሙዓ ደረሰና ሽማግሌዎቹ ተቀመጡ። አባትየው ማንም ሳይጠይቃቸው ተነሥተው፣ «ሳላጣራ ተናገርኩ፤ አማቼ ዐፍው በለኝ» አሉ። በዕድሜ የገፉት ሐጂ፣ «ሱረቱል ሑጁራት ወሬ ሲመጣ አጣሩ ይለናል፤ እኛ ግን ወሬውን እንኳ ሌላ ሰው ሳያመጣው ከራሳችን አፍ አወጣነው» ብለው ሁሉንም አስተከዙ። አማትየውም ከተቀመጡበት ተነሥተው አቀፏቸው። እህትየው ያን ቀን ወንድማቸውን ቤታቸው አግብተው ቡና እንዳፈሉ ከልጃቸው ሰማን።

ማሳው ሙሉ በሙሉ ዳነ ብለን አንዋሽም። ዝናቡ ጥሩ ስለ ነበር ከተመቱት ብዙዎቹ ከጎናቸው አዲስ ቅርንጫፍ አወጡ፤ ምርቱ ግን ቀንሶ ተሰበሰበ። ሁለቱ ኩንታል በዚያ ወቅት አልተመለሰም። አማትየው እስከ ቦናው ታገሡ፤ በቦናውም ተከፈለ። ለተቸገረ ባለ ዕዳ ጊዜ መስጠት ምን ያህል ምንዳ እንዳለው አንባብያን ስለምታውቁ አንዘረዝረውም።

ለወጣቶች አንድ ቃል

ወጣቶች ሆይ! የዝንብ ወገንና ዝርያ ማጥናት ከመንደራችን ርቀው ለሚኖሩ ሊቃውንት ብቻ የተተወ ሥራ አይደለም። አንዲት ንጹሕ ብልቃጥ፣ አንድ አጉሊ መነጽርና አንድ ደብተር ይበቃሉ። በእርሻችሁ ላይ ቡቃያ ሲጠወልግ ካያችሁ ከሥሩ ነቅላችሁ እዩት። ትሉን ከነቡቃያው ብልቃጥ ውስጥ አድርጉና አፉን በጨርቅ ሸፍናችሁ አቆዩት፤ ዝንብ ሆኖ ሲወጣ ታዩታላችሁ። ያገኛችሁበትን ቦታ፣ ቀኑንና የሰብሉን ዓይነት ጻፉ። ይህች ወረቀት የሌላት ዝንብ ለጥናት ዋጋዋ ትንሽ ነው። ከዚያ አካባቢያችሁ ለሚገኝ የግብርና ባለሙያ አሳዩ። የእኛ ተማሪዎች እንዲህ ባለ ሥራ አንድ ካርቶን ሙሉ ብልቃጥ ሰብስበዋል። ያ ቡቃያ በጋዜጣ ጠቅልሎ ያመጣው ልጅ የካርቶኑ ኃላፊ ነው፤ በእያንዳንዱ ብልቃጥ ላይ ቦታና ቀን የሚጽፈውም እርሱ ነው።

ስም አለማወቅ ከዝንብ አልፎ ሰው ላይ ይደርሳል። ማሳው ላይ ያጣነውን ጥፋተኛ ጎረቤታችን ውስጥ እንፈልገዋለን። አላህ (ሱ.ወ.) አይተው ከሚለዩት፣ ለይተውም ከሚፈርዱት ያድርገን።

ወሏሁ አዕለም። በሚቀጥለው እትም እስክንገናኝ ቸር ይግጠመን።